ገላጋይ የሌለው ትግል

በአገራችን ገጠር ትግል የቆየ ጨዋታ ነው። በበዓል ቀን ጎረምሶች ከለምለም መስክ ላይ ተያይዘው ሲታገሉ፣ ሕፃናት ዙሪያውን ከበው ሲጮኹ፣ ሽማግሌዎችም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲመለከቱ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጨዋታው ግን የራሱ የሆነ ሕግ አለው። ከሁለቱ አንደኛው በጀርባው የወደቀ እንደ ሆነ፣ ወይም ጨዋታው ወደ ጠብ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ከተመልካቹ መካከል አንድ ታላቅ ሰው ብድግ ይልና በመካከላቸው ገብቶ «ይበቃል!» ይላቸዋል። ይህ ሰው ገላጋይ ይባላል። ገላጋይ ከገባ በኋላ እጁን የማይሰበስብ ጎረምሳ ባለጌ ይባላል እንጂ ጀግና አይባልም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው ገላጋይ ስለ ሌለው ትግልና እርሱ ስለሚያስከትለው ጉዳት ነው።

ነገሩን ለማንሣት ምክንያት የሆነን ቴሌቪዥን ነው። ሩንዳ የተባለው ሰፈር ከናይሮቢ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በጊጊሪ ከሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አቅራቢያ ያለ፣ ዛፍ የበዛበትና ጸጥታ የሰፈነበት ሰፈር ነው። በዚያ ከሚኖሩት የልዩ ልዩ አገር ቤተሰቦች መካከል የእኛም አገር ሰዎች ይገኛሉ። ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ልብሳቸውን እንዳወለቁ ከአሜሪካ አገር የሚተላለፈውን የነጻ ትግል ትርኢት ለማየት ይቀመጣሉ፤ ትርኢቱ ሲያልቅም ከሶፋ ላይ እየዘለሉ ታናሽ ወንድማቸውን በአንገቱ ይይዙታል። ይህ በሩንዳ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በባሕር ዳርም ያለው ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ ወላጆች «ለመሆኑ ይህ ነገር የእውነት ነው ወይስ የማስመሰል ጨዋታ?» ብለው ሲጠይቁ እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም።

በነጻ ትግል ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ በስምምነት የተወሰነ ነው። በዚህ ረገድ ነገሩ ቲያትር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዳሩ ግን የድሉ ስምምነት መሬቱን አያለሰልሰውም። መድረኩ ከብረትና ከሳንቃ ተሠርቶ ስስ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው። 100 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ የሚመዝን ሰው ከከፍታ ላይ ዘሎ በጀርባው ሲወድቅ የሚመታው የገዛ አከርካሪው ነው። አንጎሉም በራስ ቅሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላጋል። ይህን በአንድ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ቢያደርገው ምናልባት ይችለው ይሆናል፤ ነገር ግን ዝነኞቹ ታጋዮች በሥራቸው ዘመን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በዓመት ብዙ ሌሊት ይህንኑ ይደጋግሙታል። እንግዲህ አሸናፊነቱ የማስመሰል ቢሆንም ውድቀቱ የእውነት ነው ማለት ነው።

ውጤቱ ምን እንደ ሆነ የሟቾቹ ዕድሜ ይመሰክራል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብራያን ፒልማን በ1997 በ35 ዓመቱ በሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዮኮዙና በሚል የመድረክ ስም የታወቀው ግዙፍ ታጋይ በ2000 በ34 ዓመቱ፣ ዴቪ ቦይ ስሚዝ በ2002 በ39 ዓመቱ አረፉ። ኤዲ ጌሬሮ በ2005 በ38 ዓመቱ በልብ ሕመም ምክንያት እንደ ፒልማን በሆቴል ክፍል ውስጥ ሞተ። ኡማጋ የተባለው በ2009 በ36 ዓመቱ፣ ብሬይ ዋያት ደግሞ በ2023 በ36 ዓመቱ ሕይወታቸው አለፈ። እነዚህ ሁሉ በየመድረኩ «የማይወድቅ ተራራ» መስለው ይታዩ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

በ2014 ታትሞ የወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ጉዳዩን በቁጥር መርምሮታል። መርማሪዎቹ ከ1985 እስከ 2011 በሥራ ላይ የነበሩትን ታጋዮች ተከታትለው፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 54 የሆኑት ታጋዮች የሚሞቱበት መጠን በተመሳሳይ ዕድሜ ካለው ከተራው የአሜሪካ ወንድ በ2.9 እጥፍ የበለጠ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያ ዘመን ውስጥ ከሞቱት 62 ታጋዮች መካከል 49ኙ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሞቱት። ዋነኛው ምክንያትም የልብና የደም ሥር በሽታ ነበር።

ልብ ለምን ይደክማል? ተመልካቹ ግዙፍ ጡንቻ ማየት ስለሚፈልግ፣ ብዙዎቹ ታጋዮች በተለይም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ስቴሮይድ የተባለውን ጡንቻ የሚያፋፋ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ይህ መድኃኒት የክንድን ጡንቻ ሲያሳድግ የልብንም ጡንቻ ከመጠን በላይ ያወፍረዋል፤ የደም ሥሮችንም በስብ ያጠብባል። በዚህ ላይ ታጋዩ ትናንት የተመታ ወገቡን ይዞ ዛሬ ማታ እንደ ገና መታገል ስላለበት የሕመም ማስታገሻ ይውጣል፤ በማስታገሻውና በመንገዱ ብዛት እንቅልፉ ሲጠፋ የእንቅልፍ መድኃኒት ይጨምራል፤ ጠዋት ለመነሣት ደግሞ የሚያነቃቃ ነገር ይፈልጋል። አንዱ መድኃኒት የሌላውን ጉዳት ለመሸፈን እየተወሰደ በመጨረሻ ሁሉንም የሚሸከመው ልብ ይሆናል።

የጭንቅላቱም ጉዳት ከዚህ ያላነሰ ነው። በ2007 ክሪስ ቤንዋ የተባለው የ40 ዓመት ታጋይ ሚስቱንና የ7 ዓመት ልጁን ገድሎ ራሱንም ማጥፋቱ ዓለምን አስደንግጧል። ከሞተ በኋላ አንጎሉን የመረመሩት ሐኪሞች በተደጋጋሚ ምት የተጎዳና በእርጅና ምክንያት አእምሮውን ከሳተ የ85 ዓመት ሽማግሌ አንጎል ጋር የሚመሳሰል ሆኖ እንዳገኙት ገልጸዋል። ይህን የምንጠቅሰው ለፈጸመው በደል ማመካኛ እንዲሆን አይደለም፤ የሟቾቹ ነፍስ ይህን አይፈቅድልንም። ነገር ግን የጭንቅላት ምት የሚጎዳው የተመታውን ብቻ እንዳይመስለን፣ ቤትና ትዳርም አብሮ እንደሚመታ ለማስገንዘብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን በመካከል ገብቶ «ይበቃል» የሚል ሰው መታጣቱ ነው። ታላላቆቹ የአሜሪካ የትግል ኩባንያዎች ታጋዮቹን እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን ለራሱ እንደሚሠራ ተቋራጭ አድርገው ነው የሚያዋውሏቸው። ስለዚህ ታጋዩ የጡረታ መብት የለውም፤ የጤና መድኑንም ራሱ ይገዛል፤ ካልታገለ ገቢው ይቀንሳል፤ ሲያርፍም ቦታውን ሌላ ይይዝበታል። እንዲህ ባለ ውል የታሰረ ሰው «አሞኛል» ብሎ ለመናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቀው አንባቢ ይፍረድ። በ1991 ደግሞ በፔንሲልቫንያ ክፍለ ሀገር የታጋዮችን ጤንነት እንዲጠብቅ በመንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ተመድቦ የነበረ አንድ ሐኪም ለእነዚያው ለታጋዮቹ ስቴሮይድ ሲያድል ተገኝቶ ተፈርዶበታል። ገላጋይ እንዲሆን የተሾመው ሰው ራሱ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በግንቦት ወር 1999 በካንሳስ ሲቲ የተፈጸመውም የሚረሳ አይደለም። ኦወን ሃርት የተባለው የ34 ዓመት ታጋይ ለትርኢቱ ማሳመሪያ ከአዳራሹ ጣራ በገመድ ሲወርድ መያዣው ተለቆ 24 ሜትር ያህል ከሚሆን ከፍታ ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ትርኢቱ ቀጠለ። ሌሎቹ ታጋዮች ባልንጀራቸው በወደቀበት በዚያው መድረክ ላይ ተራ በተራ ወጥተው ታገሉ። ከዚያ ሁሉ አለቃና ባለሥልጣን መካከል «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ መብራቱን ያጠፋ አልተገኘም።

የጃፓኑ የሚትሱሃሩ ሚሳዋ ነገር ደግሞ ከዚህ ለየት ያለ ነው። ሚሳዋ የታወቀ ታጋይ ብቻ ሳይሆን በ2000 የራሱን የትግል ኩባንያ አቋቁሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ፕሬዚዳንቱ የነበረ ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት በአንገቱ ላይ ጉዳት እያለበት መታገሉን አልተወም፤ በሰኔ 2009 በሂሮሺማ ከተማ በመድረክ ላይ በአንገቱ ወድቆ በ46 ዓመቱ ሞተ። አለቃውም ሠራተኛውም እርሱ ራሱ ስለ ነበረ ከበላዩ ሆኖ የሚያስቆመው አልነበረም። ሰው ለራሱ ገላጋይ መሆን እንዴት እንደሚከብደው ከዚህ ይታወቃል።

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከሩንዳ ወጥቶ ወደ መኻል ናይሮቢ ይውረድና ስለ ሮበርት ዋንጊላ ይጠይቅ። ዋንጊላ በ1967 በዚሁ በናይሮቢ ከተማ ተወልዶ ያደገ ቦክሰኛ ነበር። በ1988 በደቡብ ኮሪያ በሴኡል ኦሊምፒክ በ67 ኪሎ ግራም ክብደት ተሰልፎ፣ ለፍጻሜ የቀረበውን ፈረንሳዊ ሎራን ቡዱዋኒን በሁለተኛው ዙር መትቶ በመጣል የወርቅ ሜዳይ አገኘ። ኬንያ በሩጫ ያገኘችው ወርቅ ብዙ ነው፤ በቦክስ ያገኘችው የኦሊምፒክ ወርቅ ግን እስከ ዛሬ ይኸው የዋንጊላ አንዱ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋንጊላ እንጀራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በገንዘብ የሚጋጠም ቦክሰኛ ሆነ። በሐምሌ 1994 በላስ ቬጋስ ከተማ ዳቪድ ጎንዛሌስ ከተባለ ቦክሰኛ ጋር ሲጋጠም በዘጠነኛው ዙር ላይ ምቱ ስለ በረታበት ዳኛው ገብቶ አስቆመው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልን። ዋንጊላ ግጥሚያው በመቆሙ ተቃወመ፤ መቀጠል እንደሚችልም ተናገረ፤ በገዛ እግሩም እየተራመደ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። ከዚያም ራሱን ሳተ። በሁለተኛው ቀን በ26 ዓመት ዕድሜው ሞተ።

በእግሩ የሄደ ሰው እንዴት ይሞታል? ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ጭንቅላት በኀይል ሲመታ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል የተዘረጉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ደሙ በዝግታ እየተጠራቀመ አንጎልን እስኪጫነው ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መካከል የተጎዳው ሰው ይናገራል፣ ይራመዳል፣ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ከዚያም ድንገት ይወድቃል። እንግዲህ የተመታ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት የሚታመን አይደለም ማለት ነው። የሚመዝንበት አእምሮው ራሱ ተጎድቷልና። ገላጋይ ከውጭ እንዲሆን ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በዋንጊላ ላይ ገላጋዩ ገብቶ ነበር፤ ዳሩ ግን አንጎሉ የሚችለውን ያህል ከተቀበለ በኋላ ሆነ።

ሕግም እንደ ገላጋይ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የደቡብ ኮሪያው ቦክሰኛ ዱክ ኩ ኪም በ1982 በዚያው በላስ ቬጋስ በ14ኛው ዙር ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው የዓለም የቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ዙር ወደ 12 ዝቅ ያደረገው። ትልቁ የአሜሪካ የትግል ኩባንያም የታጋዮቹን ደምና ልብ የሚያስመረምርበትን ደንብ ያወጣው በ2006፣ ማለት ኤዲ ጌሬሮ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እነዚህ ደንቦች የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፉ ስለ ሆኑ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደንብ ከአንድ መቃብር በኋላ መጻፉ ሊያሳስበን ይገባል።

ከእኛው አገር የስፖርት ታሪክ ደግሞ የተሻለ ትምህርት እናገኛለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ሁለት ጊዜ ማራቶንን ካሸነፉ በኋላ በ1968 በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ቀርበው ነበር። እግራቸው ተጎድቶ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጡ በኋላ አቋረጡ፤ ማሞ ወልዴም ቀድሞ ገብቶ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። አበበ በማቋረጣቸው «ፈሪ» ያላቸው ኢትዮጵያዊ የለም፤ ክብራቸውም አልተቀነሰም። በዓመቱ በ1969 በመኪና አደጋ ሰውነታቸው በተጎዳ ጊዜም እርሳቸው የክብር ዘበኛ መኰንን ነበሩና ብቻቸውን አልተጣሉም፤ መንግሥት ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንደቪል ሐኪም ቤት ልኮ አሳከማቸው። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠውም በቀስት ውድድር ተካፍለዋል። በ1973 በ41 ዓመታቸው ሲያርፉ በአዲስ አበባ የሸኛቸው ሕዝብ ብዙ ነበር። የእርሳቸውም ዕድሜ አጭር ነው። ሆኖም ጌታ ያለው ስፖርተኛና ጌታ የሌለው ስፖርተኛ ሲታመሙ ልዩነታቸው ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከላይ የዘረዘርናቸው ታጋዮችና ቦክሰኞች ሕመማቸውን መደበቅ የጀመሩት በመድረክ ላይ ነው ብለን አናምንም። ሕመምን መደበቅ በልጅነት የሚማሩት ነገር ነው። ልጅ ወድቆ ራሱን ይዞ ሲያለቅስ «ዝም በል፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም!» የምንለው እኛው ነን። ልጁም ቀስ በቀስ ሕመሙን መዋጥን ይለምዳል፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዓይኑ ሲጨልምበትም «ደኅና ነኝ» ይላል። እኛም «ጎበዝ!» እንለዋለን። በዚህ ቃል ምን እንደምናስተምረው እናስተውል። ጽናትን ማስተማር መልካም ነው፤ መከራን መቻልም የአባቶቻችን ባሕርይ ነው። ነገር ግን መቻልና መደበቅ አንድ አይደሉም። የሚችል ሰው «አሞኛል፤ ቢሆንም እታገሣለሁ» ይላል፤ የሚደብቅ ግን እስኪወድቅ ድረስ ምንም አይልም።

ስለዚህ ለአባቶችና ለእናቶች የሚከተለውን ለማሳሰብ እንወዳለን።

በመጀመሪያ፣ ልጆች የነጻ ትግልን ትርኢት ሲያዩ አብራችኋቸው ተቀመጡ። መከልከል ብቻ ፍላጎታቸውን ያብሰዋል። ይልቅስ ታጋዮቹ ይህን ለማሳየት ለብዙ ዓመታት እንደሚሠለጥኑ፣ ይህም ሆኖ ብዙዎቹ ሳያረጁ እንደሚሞቱ ንገሯቸው። በተለይም ሰውን በአንገቱ ይዞ ማንሣትን፣ በራሱ መትከልንና ከከፍታ ላይ በሰው ላይ መዝለልን በቤት ውስጥ ፈጽሞ እንዳይሞክሩ አስጠንቅቋቸው። የሕፃን አንገት ቀጭን ነው፤ ከተሰበረ የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ልጅ በጨዋታም ሆነ በመውደቅ ጭንቅላቱን ከተመታና ከተደናገረ ወይም ራሱን ካመመው በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። «ደኅና ነኝ» ቢልም ቃሉን አትቀበሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጸጥ ብሎ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ይመለስ። ደጋግሞ ካስታወከው፣ የራስ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ከልማዱ ውጪ እንቅልፍ ከጫነውና ለመንቃት ከከበደው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረምሳ ልጃችሁ ሰውነቱን ለማፈርጠም ወደ ስፖርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ምን እንደሚውጥና ምን እንደሚወጋ ጠይቁ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክንዱ ካበጠ፣ ፊቱና ጀርባው በብጉር ከተሞላ፣ ጠባዩም ያለ ምክንያት ቁጡ ከሆነ፣ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር አነጋግሩትና ለሐኪም አሳዩት። ያ ጡንቻ የሚከፈለው ከልቡ ላይ ነውና።

አራተኛ፣ ወንድ ልጅን «አመመኝ» በማለቱ አታሳፍሩት። በጊዜ አመመኝ ያለ ልጅ በጊዜ ይድናል። «ከመሞት መሰንበት» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ፈሪ አልተናገረውም፤ ብዙ ጦርነት ያየ ሰው የተናገረው ይመስለናል።

ለእኛ ለተመልካቾችም ድርሻ አለን። በመድረክ ላይ ደሙ እየፈሰሰ የተነሣውን ሰው በጭብጨባ ስንቀበለው፣ ዳኛው ግጥሚያውን ሲያስቆም በፉጨት ስንቃወመው፣ በሺህ የሚቈጠር ድምፅ ሆነን «አይበቃም፤ ጨምር» እያልነው ነው። የኩባንያው ባለቤት የሚሸጠው እኛ የምንገዛውን ነው። እኛ የሚያርፍን ሰው ብናከብር ዕረፍት ይሸጥ ነበር።

ኀይለኛን ማድነቅ ነውር አይደለም። ዋንጊላ በሴኡል ወርቁን ባገኘ ቀን የናይሮቢ ሕዝብ መደሰቱ ትክክል ነበር፤ ልጆቻችንም የጠንካራ ሰው ምሳሌ ማየታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ጠንካራውን ሰው እያየ ሲደነቅ አጠገቡ ተቀምጠን «ይህ ሰው ሲታመም ማን ያሳርፈዋል? ማን ይበቃሃል ይለዋል?» ብለን እንጠይቀው። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ሲያድግ ለራሱም ለባልንጀራውም ገላጋይ ይሆናል፤ በመስኩም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በሥራውም ቦታ ወዳጁ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ባየ ጊዜ በመካከል ገብቶ እጁን ይይዘዋል።